ሳይረዳ የተጫወተው ጨዋታ

የወንድሜ እግር ለኳስ አልተፈጠረም። የድሬዳዋው ሐዲድ በሚያልቅበት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባል ሰፈር ባደግንበት መንገድ ላይ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ ኳስ ያሳድዳል። እሱን ግን ቡድን ሲከፋፈሉ መጨረሻ ላይ ነበር የሚመርጡት፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይረሱታል። እጁ ግን ሌላ ነገር ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ የሚተወው ጭቃ ዳር ቆሞ ድንጋይ ሲወረውር ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ያዩት ነበር። እኔ በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

አያታችን ከድሬዳዋ በባቡሩ ዘመን የመጡ የሐዲድ ሠራተኛ ናቸው። አባታችንም እዚያው ባቡር ጋራዥ ሲሠራ ቆይቶ ወንድሜ ገና ዳዴ ሲል ሞተ። እማዬ ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ገባች፤ ጠዋት ሄዳ ማታ የምትመለስ ምግብ አብሳይ። አሠሪዎቿ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውየው ወደብ ላይ ይሠራል፤ ሚስቱን እማዬ “ማዳም” ስለምትላት እኛም ማዳም አልናት። ልጅ አልነበራቸውም።

ትምህርት በማይኖርበት ቀን እማዬ ወንድሜን ይዛው ትሄዳለች። አንድ ቀን ሰውየው ግቢው ውስጥ ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ እንቁላል የመሰለ ቡናማ ኳስ ሰጠውና ወርውረው አለው። ወንድሜ ወረወረው። ኳሱ ቀጥ ብሎ እየተሽከረከረ አጥሩን አልፎ የጎረቤት ጣራ ላይ ወደቀ። ሰውየው መጀመሪያ ጣራውን፣ ቀጥሎ ልጁን፣ ከዚያ መልሶ ጣራውን አየ። እማዬ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጥታ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ሰውየው እየሳቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ነው። ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን አውልቆ እስኪጨልም ድረስ ያስተምረዋል። ወንድሜም ኳሱን ይዞ ሰፈር ይመጣና ለኔ ይወረውርልኛል። የሚይዝለት ሌላ ማን አለ? ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬም ትንሽ ጠመም ያሉ ናቸው።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው የሰውየው ሥራ አልቆ ሊሄዱ ሆነ። ማዳም እማዬንና እኔን ሳሎን አስቀምጣ እያለቀሰች በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ ተናገረች፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ትምህርት ቤት አግኝተንለታል፣ ከእኛ ጋር ይኑር፣ እንደ ልጃችን እናየዋለን ነበር ያለችው። እማዬ ሳምንቱን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ተመላለሰች፣ አልበላችም። ከዚያ ወደ ማዳም ቤት ይዛኝ ሄደችና ቆማ፣

“ልጄን አልሰጠኋችሁም፤ አውሼአችሁ ነው። ይህቺን በደንብ ተርጉሚላቸው” አለችኝ።

ማዋስ የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። ማዳም የእማዬን እጅ ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

የሄደ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አላለቀሰም። እማዬም አላለቀሰችም። ቤት ስንመለስ ግን ትራሱን አውጥታ ፀሐይ ላይ ካሰጣችው በኋላ እዚያው አጠገቡ ተቀመጠች፤ ያ ሙቀት ሳያስነሳት ዋለች።

እሁድ እሁድ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ብርዱ ነበር የሚያወራው፤ ኋላ ስለ ጨዋታው ብቻ ሆነ። ከሁለተኛ ደረጃ ቡድን ኮሌጅ በነፃ ትምህርት ወሰደው። ጨዋታውን ለእማዬ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ እኔም የተማርኩት ከስልክ ነው። ኳሱን ከመሃል የሚቀበለው ሰው ኳርተርባክ ይባላል፣ ወይ ይወረውራል፣ ወይ ለሌላው ያስይዛል፣ ወይ ራሱ ይሮጣል፣ የዚያኛው ወገን ሰዎች ደግሞ ሳይወረውር ሊጥሉት ይመጣሉ አልኳት።

“ሌሎቹ የት እንደሚሄዱ የሚወስነው እሱ ነው?”

“አዎ፣ እሱ ነው።”

“ታዲያ ነጂው ነው አትይኝም! እሱ የባቡሩ ነጂ፣ ሌላው ሁሉ ፉርጎ” አለችና ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ሰው ልጅሽ ምን ይሠራል ሲላት፣ “አሜሪካ ነጂ ነው” ትል ነበር። ሰዉም የታክሲ መስሎት ያልፋል።

ሁለት ዓመት ግን ነጂው ተቀምጦ ነው የከረመው። ከፊቱ ሌላ ኳርተርባክ ነበር፤ ትልቅ፣ ነጭ፣ አባቱም አጎቱም እዚያው ኮሌጅ የተጫወቱ። ወንድሜ ንጹሕ መለያ ለብሶ ሜዳው ዳር ይቆማል። እሁድ ሲደውል ድምፁ ያረጃል። “እማዬ፣ እዚህ ሰው ስሜን እንኳ አስተካክሎ አይጠራም” አላት አንድ ጊዜ። እሷም “አንተ ዝም ብለህ እጅህን አሙቅ” አለችው። ሙቀት የማናጣው እኛ ነን አለና ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን።

በሦስተኛው ዓመት ያኛው ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣና ወንድሜ ገባ። የእነሱ ቅዳሜ ከሰዓት ለእኛ እኩለ ሌሊት ስለሆነ ጨዋታውን የምናየው እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነው፤ እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ስልኩ የውሃ ጀሪካን ላይ ተደግፎ። የቬንቲላተሩ ነፋስ በየጊዜው ስልኩን ይጥለዋል። ጡንቻቸው የፈረጠመ ሰዎች ልጇ ላይ ሲከመሩ፣ “እነዚህስ እናት የላቸውም?” እያለች ዓይኗን ትሸፍናለች። “ተነሳ?” ትለኛለች። “ተነሳ” ስላት ነው የምትገልጠው።

ከዕለታት አንድ እሁድ ታዲያ ወንድሜ ከጓደኞቹ ኋላ ቆሞ ምልክት ሲጠራ ሰማነው። ጩኸቱ መሃል አንድ ቃል ነበረ። ወደኋላ መልሼ ከፈትኩት። “ባቡር! ባቡር!” ይላል። ማታ ሲደውል ጠየቅነው። ያኛው ወገን እንዳይገባው ብሎ ያወጣው ምልክት ነው፤ ባቡር ሲል ኳሱን ለሯጩ ያስይዘዋል፣ ሁሉም ባንድነት ወደፊት ይገፋል። ከጆርጂያና ከቴክሳስ የመጡ ልጆችን አማርኛ አስተምሯቸዋል። እማዬ ያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ጎረቤታችን፣ ግድግዳ የሚለየን ሶማሊያዊት እናት፣ ምን ተገኘ ብላ መጣች።

በመጨረሻው ዓመት መጀመሪያ ላይ እማዬ ከሳች። ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ በፈረንሳይኛ ለኔ ነገረኝ። ጉበቷን ይዟል፣ ተሰራጭቷል፣ ብዙ ጊዜ የላትም አለ። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊቴን ታያለች። እኔ ቃል እየመረጥኩ ሳለሁ ክንዴን ነካችኝ።

“አትድከሚ ልጄ። ገብቶኛል።” ወጥተን በረንዳው ላይ እንደደረስን፣ “ለልጄ አትንገሪው” አለችኝ።

“እማዬ፣ እንዴት ይሆናል?”

“ከሰማ ጥሎ ይመጣል። ሁለት ዓመት ተቀምጦ የጠበቃትን ነገር ለኔ ሲል ጥሎ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። ጨዋታው ይለቅና ትነግሩታላችሁ። ማይልኝ።”

ማልኩላት። የምትሞት እናት ማይ ስትል እምቢ የሚል አንደበት የለኝም።

በዚያ ዓመት ቡድኑ የሚያሸንፍ ሆነ። ወንድሜ በጋዜጣ ወጣ፤ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ሰው ልከው ያዩታል ይባላል። እሱ የሚያወራው ግን ስለ ኅዳሩ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። የሚመረቁ ተጫዋቾች ያን ዕለት ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሜዳ ይገባሉ። “እማዬ፣ ነይ። ቲኬቱን ማዳም ትገዛለች፣ አንቺ ቪዛውን ብቻ ጠይቂ” ይላታል። እሷም “ጠይቄአለሁ፣ ዘገየብኝ” ትለዋለች። አልጠየቀችም፤ ከአልጋ መውረድ አቅቷት ነበር። በምስል ሲደውል በትራስ ደግፌ አስቀምጣታለሁ፣ የዓይኗ ቢጫነት እንዳይታይ ጀርባዋን ለመስኮቱ እሰጣታለሁ። ፊቷ ከስቶ መልኳ ሲጠፋ የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል አልነው። ድምፅ ብቻ ሆነ። በድምፅ ማንም አይበልጣትም ነበር። ሊደውል ሲል ጉሮሮዋን በሞቀ ውሃ ታረጥባለች፤ ሲደውል ትስቃለች፣ ትመርቀዋለች፣ ስልኩ ሲዘጋ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

ከዚያ ጨዋታ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ እጇን እንደያዝኩ አረፈች። ዓርብ ቀበርናት። ማታ የእድሩ ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰበሰቡ፤ ከከተማው ዳር፣ ከሃያብለ ድረስ የመጡ ነበሩ። እኔ መሃላዬን ነገርኳቸው። ከመካከላቸው የሐዲድ ጡረተኛ የነበሩት፣ አያቴን የሚያውቁ አዛውንት፣ “የሟች ቃል ነው። ደግሞስ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው የሚረዳው” አሉ። ፌስቡክ ላይ ፎቶ የሚለጥፍ እንዳይኖር ተነገረ። ቄሱ በዚያ ከተማ ካለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተነጋግረው ጨዋታው ባለቀ ማግስት፣ እሁድ ማለዳ፣ ሽማግሌዎች እንዲሄዱለት ተስማሙ።

ለማዳም የደወልኩላት እኔ ነኝ። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ፣ “ይህ ልክ አይደለም። እናቱ ናት፤ ማወቅ አለበት” አለችኝ። የእማዬን ቃል ነገርኳት። “እሷ ካለች እሺ” አለች።

እሁድ ሠልስቱ ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፣ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ናቸው፣ ንፍሮ እየዞረ ነው። የእማዬ ስልክ ጮኸ። የት እንዳስቀመጥኩት ረስቼው ነበር፤ ትራሷ ሥር ሆኖ ይጮኻል። የምታለቅሰው ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

“እታለም! እማዬስ?”

“ተኝታለች።”

“በዚህ ሰዓት? ቀስቅሻት እንጂ!”

“ሙቀቱ አድክሟት ነው፣ ትተኛ።”

“ድምፅሽ ምን ሆኗል?”

“ጉንፋን።”

“እሺ፣ ቪዛው አለመድረሱ እንዳያሳዝናት ንገሪያት። ፎቶዋን ይዤ እገባለሁ። ዋናው ቅዳሜ ነው፣ ጸልዪልኝ በያት።” ዘጋ። የጓሮው ቆርቆሮ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ጎረቤቴ ናት መጥታ ያስገባችኝ።

ጨዋታውን በማግስቱ አየነው፤ ሁላችንም ጥቁር ለብሰን፣ እሱ እዚያ ተኝቶ ሳለ። መጀመሪያ ተመራቂዎቹ ገቡ። ሁሉም እናቱን በቀኝ፣ አባቱን በግራ ይዟል። ወንድሜ በሰውየውና በማዳም መካከል ሆኖ የእማዬን ፎቶ ትልቅ አስደርጎ፣ በፍሬም፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። እነሱ አገር ልትመጣ ያልቻለች እናት እንዲህ ይደረግላታል መሰለኝ። እኛ ዘንድ ግን ፎቶ ደረት ላይ የሚታቀፈው ለማን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። አንዷ ሴት “አወቀ እንዴ?” ብላ ጮኸች። አላወቀም፤ እየሳቀ ነው። የምታውቀው ማዳም ናት፤ ሣሩን እያየች ትራመዳለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለችም።

እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ የሚቀበለው ሰው ገና ዞሮ አላየም ነበር፤ ሲዞር ኳሱ ደረቱ ላይ ነው። ሊጥሉት ሲመጡ ልክ በሰፈራችን ጠባብ መንገድ እንደሚያልፍ በመካከላቸው ይሾልካል። አሸነፉ። ሰዉ ሜዳ ገባ። አንዲት ጋዜጠኛ ማይክ ይዛ ጠየቀችው፣ በእንግሊዝኛ መለሰላት፤ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ በአማርኛ፣

“እማዬ፣ አየሽኝ? ነገ እደውላለሁ፤ ደግሞ ተኝታለች እንዳይሉኝ!” አለና ሳቀ።

በዚያ ቤት ውስጥ ያን ጊዜ የወጣውን ዋይታ በቀብሯ ቀን አልሰማሁትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ለእሱ ማለዳ፣ ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከማዳምና ከባሏ ጋር በሩን አንኳኩ። በኋላ የነገረችኝ ማዳም ናት። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው መንገድ የጠፋባቸው መስሎት ግቡ፣ ውሃ ጠጡ አላቸው። ውሃውንም ቀዳላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ብርጭቆውን ተቀብለው መጠጣት አቃታቸው። ያኔ ነው የማዳምን ፊት ያየው።

ከዚያ ደወለልኝ።

“መቼ?”

“ባለፈው ሳይሆን በዚያኛው ሐሙስ።”

“እሁድ ስደውል…”

“አዎ።”

“ትናንት ስጫወት…”

“አዎ፣ ወንድሜ።”

“ስስቅ?”

ስልኩን አልዘጋውም፤ የሆነ ቦታ ያስቀመጠው ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ ከሩቅ ሲጮህ ሰማሁት። እንደ ሰው አልነበረም።

በዚያ ድል ምክንያት አንድ ተጨማሪ ትልቅ ጨዋታ ነበራቸው፤ እሱ ሳይኖር ተሸነፉ። እሱ ለአርባዋ መጥቶ ነበር። በሩ አነሰው፤ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። አማርኛው በአሥራ አራት ዓመቱ የቆመ የልጅ አማርኛ ነው፤ ሊያጽናኑት የመጡት ሰዎች የሚሉትን ግማሹን አይሰማም። መቃብሯ ላይ ቆመ። አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ እንባም አልወጣው። ማታ ቤት ስንገባ ነው የተናገረው።

“ሁላችሁም ታውቁ ነበር። እድሩ፣ ቄሱ፣ ማዳም፣ ጎረቤት። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። እኔ ልጇ ነኝ!”

“እሷ ናት አትንገሩት ያለችው። አስምላኝ ነው።”

“አንድ ከሰዓት አብሬያት መቀመጥ ነበር የምፈልገው። ለዚያ ብዬ ሁሉንም እጥለው ነበር።”

“እሱን ነው የፈራችው” አልኩት።

ይህን ስለው አየኝ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ጣለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ሁሉ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እኔም የዚያን ዕለት ነው በደንብ ያለቀስኩት። እስከዚያ ድረስ ምስጢር ጠባቂ ነበርኩ እንጂ ሐዘንተኛ አልነበርኩም።

ታረቅን ማለት አልችልም። ተመልሶ ሄደ። በጸደይ አንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ለሙከራ ጠርቶት ነበር፤ ሄዶ በሁለተኛው ቀን ትቶት ወጣ። እጁ ደህና ነው፣ ጉዳት የለበትም። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው ለረጅም ጊዜ አልመለሰልኝም። ቆይቶ፣ በአንድ የፋሲካ ዕለት ሲደውል እንዲህ አለኝ፦

“ኳርተርባክ የሚያየውን ማመን አለበት። ሜዳውን አይተሽ እዚያ ጋ ሰው አለ፣ እዚያ ጋ ክፍት ነው ትያለሽ፣ ትወረውሪያለሽ። ለማሰብ ጊዜ የለም። አሁን ኳሱን ስይዝ ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው፣ ለኔ ብቻ ያልተነገረኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። እጄ ይቆያል። ስትቆዪ ይጥሉሻል።”

አሁን የሚሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፣ የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ከማዳምና ከሰውየው ጋር ብዙም አይገናኝም። ሚስት አላገባም። ጨዋታ በቴሌቪዥን አያይም።

ይደውላል፤ እሁድ ግን አይደውልም። “ደህና ነሽ?” ይለኛል። “ደህና ነኝ” ስለው አያምነኝም። “እውነቱን?” “እውነቱን።” “ማይልኝ።” እምላለሁ። ያን ያህል ብምልም አይበቃውም። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጎርንኖ ነበር። ድምፄን ሲሰማ ስልኩን ለጎረቤታችን ስጫት አለኝ። ግድግዳውን አንኳክቼ ጠራኋትና ሰጠኋት። ወንድሜ በልጅነቱ በመንገድ ላይ በተማራት ሶማሊኛ፣ ቃል እየጠፋው፣ እህቴ ታማለች ወይ ብሎ ጠየቃት። ጉንፋን ነው፣ ሻይ አፍልቼላታለሁ፣ ቆማ ነው ያለችው አለችው። እንደገና ጠየቃት። እንደገና መለሰችለት።

ስልኩን ስትመልስልኝ እሱ ዘግቶ ነበር።